በማዕድኑ በር ላይ ስለተደረገልዎ ሞቅ ያለ አቀባበል

ለተከበሩ የመምህራን ጡረታ ፈንድ የኢንቨስትመንት ክፍል ዋና ኃላፊ፣
ካሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እያልኩ፣ ደረትዎ ንጹህ አየር እንዳያጣ፣ የቢሮዎም ሊፍት መሀል ላይ ሳይገተር ሽቅብ ቁልቁል እንዲያመላልስዎ ከልብ እመኛለሁ። ቢበላሽ እንኳ ሕንፃዎ ደረጃ እንዳለው ስለማውቅ ብዙም አልሰጋልዎትም። እኔ በድንጋይ ከሰል ማዕድኑ አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የማስተምር፣ በየወሩ ከደመወዜ ለፈንድዎ የሚቆረጥብኝ፣ በዚህም ምክንያት እርስዎ ሳያውቁኝ የማዕድኑ ኩባንያ ባለአክሲዮን ያደረጉኝ ሴት ነኝ። ልጄ ደግሞ በዚያው ማዕድን ከመሬት በታች ይሠራል። የእርጅናዬን መጦሪያና የወለድኩትን ልጅ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ካስቀመጡልኝ ዘንድ፣ ቢያንስ አንድ የምስጋና ደብዳቤ ይገባዎታል።

የኩባንያውን የውድድር ብልጫ የገመገሙበትን፣ ለአባላት ሁሉ ያሰራጩትን ጥራዝ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀባብለን አነበብነው። ወረቀቱ ያብለጨልጫል፣ ፎቶዎቹ ባለቀለም ናቸው፣ ቋንቋውም ለስላሳ ነው። መደምደሚያው ኩባንያው ከተፎካካሪዎቹ ሁሉ የላቀና ዘላቂ ብልጫ ስላለው፣ ፈንዳችን ከመጪው የባለአክሲዮኖች ጉባኤ በፊት ተጨማሪ አክሲዮን ቢገዛ ይበጃል የሚል ነው። እንደ ባለአክሲዮን ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እንደ እናት ግን ጥራዙን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ደግሜ አነበብኩት። እንግዲህ ከፈቀዱልኝ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ የከሰሉ ንጣፍ ወፍራም መሆኑንና የባቡር ሐዲዱ እስከ ማዕድኑ ደጃፍ መድረሱን «የአስተዳደሩ ብቃት» ከሚለው ርእስ ሥር ስላስገቡልን እናመሰግናለን። ከሰል የተፈጠረው ሰው ከመኖሩ በፊት ከነበረ ደን ነው እያልኩ ተማሪዎቼን ሳስተምር ኖሬአለሁ። ያንን ደን የተከለው የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ መሆኑን ባለማወቄ ተማሪዎቼንም እርስዎንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፦ ከኮረብታው ማዶ ያለው ማዕድን ሁለት መውጫ ስላለው፣ ሁለቱንም ስለሚጠግን፣ ለአየር ማራገቢያውም ለብቻው ጄነሬተር ስላቆመ፣ «ከመጠን ባለፈ መሠረተ ልማት የተጫነ» ብለውታል። የእኛው ማዕድን ግን አሮጌውን ሁለተኛ መውጫ በኮንክሪት ስለደፈነ፣ ሠራተኛ የሚያወርደውንና የሚያወጣውን ሊፍትና ማራገቢያውንም በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ስላንጠለጠለ፣ እያንዳንዱን ቶን ከሰል ከጎረቤቱ ባነሰ ወጪ ያወጣል፤ ለዚህም «ወጪ ቆጣቢ» የሚል ማዕረግ ሰጥተውታል። እኛ መምህራን ግማሹን ጥያቄ ዘሎ ወረቀቱን ቀድሞ ላስረከበ ተማሪ ጎበዝ አንለውም፤ ይህ ግን የእኛ ኋላ ቀርነት ሊሆን ይችላል። ብልጫው ተፎካካሪዎች በቀላሉ ሊኮርጁት የማይችሉት ነው ማለትዎ ግን ፍጹም እውነት ነው። እንዴት ይኮርጁት? ያፍራሉ እኮ።

እዚህ ላይ የአክሲዮን ባለቤት አድርገውኛልና እንደ ባለቤት አንድ ነገር ልበል። አንድ ኩባንያ ከሌላው ይሻላል የሚባለው ክፉ ቀን ሲመጣም ቆሞ ሲገኝ ይመስለኛል። ያልወጣ ወጪ ሁሉ ቁጠባ አይደለም፤ አንዳንዱ ሌላ ሰው በሌላ ነገር እስኪከፍለው ድረስ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነው። በእኛ ከተማ የከፈለው ማን እንደሆነ ቀጥዬ እነግርዎታለሁ።

ሦስተኛ፦ ቡድንዎን ይዘው ማዕድኑን ሊጎበኙ የመጡበትን ቀን እርስዎ በምሳው ሳያስታውሱት አይቀሩም፤ እኛም በራሳችን ምክንያት አንረሳውም። ወደ ጉድጓዱ ለመውረድ ሲጠይቁ ሊፍቱ «በታቀደ ጥገና ላይ ነው» ተብለው ወደ እንግዳ ማረፊያው ተወሰዱ። በጥራዝዎም ላይ የኩባንያውን የጥገና ባህል አድንቀው፣ በግቢው ውስጥ ያዩት ጸጥታና ሥርዓት እንደማረከዎት ጻፉ። ክቡር ሆይ፣ ያ ጸጥታ የመጣው የኤሌክትሪክ መስመሩ ጠዋት ስለተቃጠለ ነው። ሊፍቱም ማራገቢያውም አብረው ቆመዋል፤ የጠዋቱ ፈረቃ ሠራተኞች በሙሉ፣ ልጄን ጨምሮ፣ ከታች ነበሩ።

በእኛ ከተማ የማራገቢያው ጉምጉምታ ቀን ከሌት ስለማይለየን ጆሯችን ለምዶታል፤ የምንሰማው ሲቆም ብቻ ነው። ያን ጠዋት እያስተማርኩ ሳለ ጉምጉምታው ድንገት ቆመ። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። መንገድ ላይ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ የደንበኛውን ፀጉር ግማሹን ቆርጦ ግማሹን ትቶ ሲሮጥ አገኘሁት፤ ደንበኛውም ጨርቁን አንገቱ ላይ እንዳሰረ ይከተለዋል። ሁላችንም የሄድነው ወደ ማዕድኑ በር ነው። እርስዎ በማረፊያው ውስጥ ስለ ጸጥታው ማስታወሻ ሲይዙ፣ እኛ በሩ ላይ ቆመን ያው ጸጥታ እንዲያበቃ ስንለምን ዋልን።

አራተኛ፦ በግምገማው ዘመን «በጉድጓዱ ውስጥ አንድም የሞት አደጋ አልተመዘገበም» ብለው ስላበሰሩን እናመሰግናለን። የልጄን ቡድን ይመሩ የነበሩት ሽማግሌ ከአፋቸው «ቀስ» የምትለዋ ቃል ስለማትጠፋ ሠራተኛው ሁሉ አባ ቀስ ይላቸው ነበር። ያን ቀን መብራቱ ሲጠፋ ወጣቶቹን ትንሽም ቢሆን አየር ከላይ በሚወርድበት በሊፍቱ ሥር ሰብስበው፣ እሳቸው ከሁሉም ወደ ውስጥ ርቀው ተቀመጡ። ልጄ እንደነገረኝ የተናገሩት ይህንን ብቻ ነው፦ «ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ ልጆቼ፣ ለሁላችንም ይበቃል።»

ለሁሉም አልበቃም። ወደ ማታ መስመሩ ተጠግኖ ሊፍቱ ሲንቀሳቀስ ሁሉም በሕይወት ወጡ፤ አባ ቀስ ግን በሰው ትከሻ ነበር የወጡት፣ ብዙም ሳይቆዩ በኩባንያው ክሊኒክ አልጋ ላይ አረፉ። ክሊኒኩ ከመሬት በላይ ስለሆነ በጉድጓዱ ውስጥ የሞተ ሰው የለም ማለት ነው። እኚህ ጨዋ ሰው ለመሞት እንኳ ሊፍቱ እስኪያወጣቸው ታግሰው የኩባንያውን ስም ከጉድፍ ጠብቀዋል። ይህንን ትዕግሥታቸውን ከውድድር ብልጫዎቹ ተርታ ቢያሰፍሩላቸው ለባለቤታቸው መጽናኛ ይሆናቸው ነበር።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ማሽሟጠጡ ግን ከዚህ በላይ አልሄድልሽ አለኝ። ልጄ ዛሬ ጠዋትም ወርዷል። ሥራውን ተው ብዬ ለምኜው ነበር፤ በዚህ ከተማ ከማዕድኑ ሌላ ምን ሥራ አለ ብሎ መለሰልኝ። መውጫው እስከ ዛሬ እንደተደፈነ ነው፤ መስመሩም ያው አንዱ መስመር ነው። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ የማስተምረው በግማሽ ልቤ ነው፤ ተማሪ እጁን አውጥቶ ሲጠይቀኝ ጆሮዬ ውጭ ያለውን ጉምጉምታ ስለሚያዳምጥ ጥያቄውን አስደግመዋለሁ። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። ተናድጃለሁም፤ የተናደድኩትም ከኩባንያው ይልቅ በእርስዎ ነው፤ ምክንያቱም ኩባንያው የራሱን ጥቅም አይቶ ዋሸ፣ እርስዎ ግን በእኔ ገንዘብ ተልከው መጥተው ሳያዩ ተመለሱ።

በመጪው ጉባኤ ላይ ከማንም የሚበልጥ ድምፅ ያለው ፈንዳችን ነው። አንድ ተጨማሪ አክሲዮን ከመግዛትዎ በፊት የተደፈነው መውጫ እንዲከፈትና ማራገቢያው የራሱ ኤሌክትሪክ እንዲኖረው ድምፅ ይስጡልን። ትርፉ ቢቀንስ ከእኔ ድርሻ ላይ ይቀነስ፤ ባልደረቦቼም እንዲሁ ብለው ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ ፈርመዋል። የለም፣ አንድ መውጫ ብልጫ ነው የሚሉ ከሆነ ደግሞ፣ ከልጄ ፈረቃ ጋር አንድ ቀን ወርደው ይዋሉና ብልጫውን ከሥሩ ይገምግሙት። ምሳዎን እኔ እቋጥርልዎታለሁ።

ሳትጠይቅ ባለሀብት የሆነች፣ ለውለታዎ እጅ እየነሳች ከመልስዎ ይልቅ ድምፅዎን የምትጠብቅ፣

የአንድ ከሰል ቆፋሪ እናት፣
የጂኦግራፊ መምህርት።

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ በጥራዝዎ ሽፋን ላይ ያለው ትልቁ ፎቶ፣ ሰዎች ከማዕድኑ በር ግራና ቀኝ ተሰልፈው እጃቸውን ሲያውለበልቡ የሚታይበት፣ ከሥሩ «የአካባቢው ማኅበረሰብ ለገምጋሚው ቡድን ሞቅ ያለ አቀባበል ሲያደርግ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከግራ ሦስተኛዋ፣ ጣቶቿ ጠመኔ የነካቸው ሴት እኔ ነኝ። ግራና ቀኝ የቆምነው መኪና እየመጣ ነው፣ መንገድ ልቀቁ ብሎ ጥበቃው ስላዘዘን ነው፤ የማን መኪና እንደሆነ የነገረን አልነበረም። እርስዎ መስኮቱን ዝቅ አድርገው እጅዎን ሲያወዛውዙልን፣ እኔም በሁለት እጄ መለስኩልዎ። ልጆቻችንን ሊያወጡልን የመጡ መስሎኝ ነበር።