እናቴ ያልሰማቻት መኪና

ለክቡር የመኪና መሸጫ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡር ሆይ፣ የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ለጆሮዎ፣ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። «እኛም ደህና ነን» ብዬ እንዳልቀጥል ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ የምጽፈውን እያነበበች ነው፤ እሷ ደግሞ ውሸት አትወድም።

ምናልባት ረስተውን እንደሆነ ላስታውስዎ። እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት የእርማት ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ አዋላጅ ናት። ባለፈው ዓመት በመስታወት አዳራሽዎ ውስጥ ጎን ለጎን ከቆሙት ሁለት ትንንሽ ኤስዩቪዎች አንዷን መምረጥ አቅቶን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስንመላለስ የነበርነው ባልና ሚስት እኛ ነን። አንዷ በቤንዚን ብቻ የምትሄድ ነበረች፣ ሌላዋ ቤንዚንና ባትሪ የምታፈራርቅ ሃይብሪድ። ባለቤቴ ምጥ የያዛት እናት አለች በተባለ ቁጥር ያን ሁሉ የመኪና ሰልፍ ስለምታቋርጥ፣ እየቆሙ በሚሄዱበት መንገድ ነዳጅ የምትቆጥበውን ሃይብሪድ ፈለገች። እኔ ደግሞ ባትሪው የደከመ ዕለት ምን ይውጠናል ብዬ ፈራሁ፤ የቤንዚኗን የሰፈራችን መካኒክ ሁሉ ፈትቶ ይገጥማታልና።

ክርክራችንን የፈቱልን እርስዎ ነበሩ። በሩን በራስዎ እጅ ከፍተው አስገቡን፣ በሃይብሪዷ ግቢውን አንድ ጊዜ አዞሩንና «ሰማችሁ? ምንም። ቅንጦት ማለት ይኼ ነው» አሉን። በእውነትም ምንም አልሰማንም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ነዳጁ አመሰግናለሁ። ቃልዎን አላጠፉም። የማደያው ሠራተኛ ሰፈር የለቀቅን መስሎት ነበር።

ሁለተኛ፣ ለምቾታችን ስለተጨነቁ አመሰግናለሁ። ፋብሪካው እንዲህ ያለችው መኪና በባትሪ ብቻ ቀስ ብላ ስትሄድ እግረኛ እንዳይዘናጋ ብሎ፣ ከፊት መከላከያዋ ሥር እንደ ንብ የምታጉረመርም ትንሽ ድምፅ ማጉያ ገጥሞ ይልካታል። እርስዎ ግን አንዳንድ ደንበኞች «ትረብሸናለች» ስላሉ መኪናዋ ለሽያጭ ሳትቀርብ ሽቦዋን አስነቀሉልን። ስለዚህ ውለታ አንዲት ቃል አለመተንፈስዎ ደግነትዎን ማውራት የማይወዱ ትሑት ሰው መሆንዎን አሳይቶኛል።

ሦስተኛው ረዘም ይላልና ይታገሡኝ። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ዓይኗ ከጠፋ ዓመታት ቢቆጠሩም ግቢያችንን በእጇና በጆሮዋ ታውቀው ነበር። አሮጌዋ መኪናችን ከመንገዱ ጥግ ስትታጠፍ ከሁላችንም ቀድማ «ልጄ መጣች» የምትለው እሷ ነበረች፤ ባለቤቴን አንድም ቀን ምራቴ ብላት አታውቅም። ከዚያ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ግድግዳውን ተደግፋ ትጠብቅ ነበር። ሃይብሪዷ ከመጣች ወዲህ ግን ባለቤቴ ከጎኗ ቁጭ እስክትል ድረስ መምጣቷን አታውቅም ነበር። «ምን ሆናችኋል፣ እንደ ጥላ ነው እኮ የምትገቡት» እያለች ትስቅ ነበር። እኛም «ቅንጦት ነው፣ እማዬ» አልናት፤ ቃሉ የእርስዎ ነው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሰማዩ ሲከብድ፣ እናቴ ዝናብ ሳይቀድማት ገመድ ላይ የተሰጡትን አንሶላዎች ልታነሳ ወጣች። እኔ ባለቤቴን ከሩቅ አይቻት የግቢውን በር ከፈትኩላት። መኪናዋ በሰው እርምጃ ገብታ የቤቱን ጥግ ዞረች። እናቴ አንሶላዋን እንዳቀፈች ከተሰጣው ልብስ ጀርባ ብቅ አለች። ባለቤቴ ፍሬን ይዛለች፤ ሁለት ክንድ የምትሆን መሬት ግን አጠረቻት። ከዚያች ሰዓት የቀረልኝ ድምፅ ቢኖር የእናቴ አወዳደቅ ብቻ ነው።

ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኛች። የባለቤቴን እጅ ይዛ «መኪናው መጥቶ ነበር እንዴ? አልሰማሁም እኮ፣ ልጄ» አለቻት። ባለቤቴ ያን ሁሉ ሕፃን ተቀብላ፣ ስንቷን እናት አጽናንታ፣ በዚህች ጥያቄ ጊዜ ግን የእናቴን ብርድ ልብስ ደጋግማ ማስተካከል ያዘች። እናቴ ከዚያ አልጋ ሳትነሳ ሳንባዋን ታመመችና አረፈች።

ከቀብር በኋላ የተጣመመውን መከላከያ ለማስጠገን ሄድን። መካኒኩ ከሥር ገብቶ «ይቺ የድምፅ ማጉያ ሽቦ ምን አድርጋ ነው የተነቀለችው?» ሲል ጠየቀን። ሰካት። መኪናዋ ማጉረምረም ጀመረች። ለመሰካት የፈጀበት ጊዜ ያዘዝኩት ሻይ እስኪቀርብልኝ እንኳ አልሞላም። ባለቤቴ ድምፁን ሰምታ እዚያው ዘይት የጠጣው መሬት ላይ ተቀመጠች።

አራተኛ፣ ላቀረብንልዎ አቤቱታ ስለሰጡን ፈጣን መልስ አመሰግናለሁ። «ደንበኞች ትረብሸናለች ስላሉ አስነቀልናት፤ ቤታችሁ ውስጥ ማየት የተሳነው ሰው እንዳለ መቼ ነገራችሁን?» አሉን፤ እውነትዎን ነው፣ መኪና ሲገዛ የእናትን ዓይን ማስመዝገብ እንደሚያስፈልግ አላወቅንም ነበር። ቀጥለውም በታላቅ ቸርነት፣ ድምፅ ካማረን በቤንዚኗ ሊቀይሩልን እንደሚችሉ ገለጹልን።

አምስተኛው ቅሬታ አይደለም፣ የሚያክሙልን ከሆነ ብዬ ነው። አሮጌዋን መኪና ሩቅ አገር ለሚኖር ሰው ከሸጥናት ቆይተናል። ሆኖም ሲመሽ ከመንገዱ ጥግ ሞተሯ ይሰማኛል። ተነስቼ በሩን ስከፍት መንገዱ ባዶ ነው። አእምሮዬ ነው ብዬ በሩን ዘግቼ ስመለስ ከረምኩ። አንድ ቀን ግን ስወጣ ባለቤቴ ቀድማኝ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ስንመለስ ከእናቴ ክፍል በኩል ግድግዳ የሚዳብስ እጅ ሰማን፤ ሁለታችንም ሰማን። ከዚያ ወዲህ የክፍሏን መብራት አናጠፋም። ለእንዲህ ዓይነቱ ድምፅም የሚነቀል ሽቦ ካለ ባለሙያዎን ቢልኩልን ውለታዎን አንረሳም።

መኪናዋን በቤንዚኗ የመቀየሩ ነገር ግን ይቅርብን። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ መሪ አልነካችም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ምጥ የጠናባት ሴት አለች ተብሎ ተደወለላት። መኪናዋ አጠገብ ቆማ ብዙ አሰበች። ከዚያ «አንሶላው ጀርባ ሂድና ዓይንህን ጨፍን። ስትሰማኝ እጅህን አንሣ» አለችኝ። ሄድኩ፤ ጨፈንኩ። መኪናዋ ከቤቱ ጥግ ገና ሳትዞር የንቧ ድምፅ ደረሰኝና እጄን አነሳሁ። ዓይኔን ስገልጥ ባለቤቴ መሪው ላይ ተደፍታ ታለቅስ ነበር። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ወደ ሴትየዋ ሄደች።

ስለዚህ ሃይብሪዷ ከእኛ ጋር ትቆያለች። እንደ እኛ ሽቦ የተነቀለላቸውን ሌሎች ገዢዎችዎን ግን ጠርተው እንዲሰኩላቸው በትሕትና እጠይቃለሁ። እስከዚያው በየመኪና ማቆሚያው እየዞርኩ በየመስኮቱ አንኳኩቼ የምነግራቸው እኔ ነኝ፤ ሥራዎን ስለተሻማሁብዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ለክቡርነትዎ ሳይጎረብጥ የሚያድር እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ በቅንጦትዎ ተጠቃሚነቴ አንገቴን ደፍቼ እሰናበታለሁ፤

የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ የአዋላጇ ባል

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላደርስ መሥሪያ ቤትዎ በር ላይ ቆሜ ሳለ በእርስዎ ሃይብሪድ እየነዱ ሲገቡ አየሁዎ። ጥበቃው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር፤ የመኪናዎን ማጉረምረም ሰምቶ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ገለል አለልዎ። የእርስዎን ሽቦ ያልነቀለውን ሠራተኛ አደራ እንዳይቀጡት።