ጎባ ላይ የወደቀው ሰው

ለምሳሳልሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የአዳማ ሙቀት በርትቷል ሲሉ ሰማሁ፤ ያ የአፍንጫ ደምሽ ዳግመኛ አስቸገረሽ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሮቤ ውርጩ ገብቷል። ስንዴው ገና አልታጨደም፤ ኮምባይነሩ አጋርፋ ደርሷል ይላሉ። ጎረቤታችን እናኑ "ያቺ ልጅ ስልክ እንጂ እግር የላትም?" እያለች ትጠይቅሻለች።

የላክሽው ወረቀት ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። ስለ ኤሱማሽ፣ ስለ ወንድሜ ስለ ጉሉማ የትግል ሕይወት በሚታተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ አባትሽ የጻፍሽውን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሥሩ እንድፈርምበት፣ እሑድም ለእሱ በሚዘጋጀው የክብር በዓል ላይ መድረክ ወጥቼ እንዳነበው ለምነሽኛል። "ለእኔ ስትይ" ብለሻል። አጻጻፍሽ ያምራል። ግን አልፈርምም። ምክንያቱን በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ደውዬ፣ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ጉልበቴ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ልጻፈው።

ባለፈው ሳምንት ኤሱማሽ የበዓሉን አዘጋጅ ወንዶሰንን አስከትሎ ምሳ መጣ። ቤቱ ወዲያው በዚያ የጡንቻ ማሻ ቅባቱ ሸተተ። በልቶ ሳይጨርስ ተነሳና ወንዶሰንን ወገቡን ይዞ ከመሬት አነሳው። "ይሄ ክንድ ጡረታ ወጣ ያለው ማነው?" ይላል። ወንዶሰን አየር ላይ ሆኖ "ጋሼ ጉሉማ፣ በፈጠረዎ፣ ገና ሚስት አላገባሁም!" እያለ ይስቃል። ከዚያ ኤሱማሽ ቁጭ ብሎ የአባትሽን ስም አነሳ። "ጃለታ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መውደቅ ያውቅበት ነበር" ብሎ ሳቀ። ቅቤው በአገጩ ላይ ይወርዳል። ከሄዱ በኋላ የበላበትን ሳህን ሁለት ጊዜ አጥቤ፣ በመጨረሻ ለዶሮዎቹ ውኃ ማጠጫ አደረግሁት።

ለመጽሐፉ የሰጠሽን ፎቶግራፎች ልብ ብለሽ አይተሻቸዋል? በአሥራ አንድ ከተማ አሥራ አንድ ዋንጫ ይዞ ቆሟል። ዋንጫው አንድ ነው፣ ልጄ። ከፍራሹና ከሸራው ጋር በአይሱዙ እየተጫነ የሚዞር፣ አንድ ጆሮው የተጣመመ ዋንጫ ነው። የትርኢት ትግል ማለት ይኸው ነበር። ማን እንደሚጥልና ማን እንደሚወድቅ ትኬት ከመሸጡ በፊት ያልቃል። ጣይው ሁልጊዜ ኤሱማሽ ነው። ወዳቂው ደግሞ ሁልጊዜ የሌላ አገር ሰው ተብሎ ይገባል፤ የአገሩ ሰው ሲወድቅ ተመልካች ደስ አይለውማ። ስለዚህ አባትሽ ጊኒር ላይ "የአርሲው ጎርፍ" ሆነ፤ ሻሸመኔ ላይ "የጅማው በሬ" ሆነ። ሕዝቡ የብርቱካን ልጣጭ ይወረውርበታል። እሱ ቤት ሲገባ "ዛሬ ደግሞ ጅማ ተወልጄ ዋልኩ" ብሎ ያስቀኝ ነበር። በሥራው አያፍርም ነበር፤ "መጣልማ ጉልበት ላለው ቀላል ነው፤ ሳልሰበር የምነሳውን እኔን እዪኝ" ይለኛል።

የማይሰበርበትም ምክንያት አለው። ጣይው ከማንሳቱ በፊት የወዳቂውን የእጅ አንጓ ሁለት ጊዜ ጨመቅ ያደርጋል። ያኔ ወዳቂው አገጩን ደረቱ ላይ አጣብቆ ትንፋሹን ይይዛል። አባትሽ ስምንት ዓመት ሙሉ አንገቱ የተረፈው በዚያች የጭመቃ ምልክት ነው።

ከዚያ የጥምቀት ሰሞን ጎባ ላይ ትርኢት ተባለ። ጎባ እንግዲህ የአባትሽ የትውልድ አገር ናት፤ የጅማ ሰው ነው ቢሉ ማን ያምናል? በገዛ ስሙ ገብቶ በገዛ ስሙ ሊወድቅ ሆነ። አባቱ ኦቦ ጅሩ ደግሞ ልጃቸው ሲታገል አይተው አያውቁም፤ "ዘንድሮ ከፊት ወንበር ሆኜ አየዋለሁ" ብለው ላኩበት።

ትከሻውን በቅቤ እያሸሁለት ነበር የነገረኝ። "ጎባ ላይ አልወድቅም" አለኝ። "ሲያነሳኝ ሾልኬ ከጀርባው እገባለሁ። አንድ ቀን ብቻ፣ አባቴ ፊት። ከዚያ ዕድሜ ልኬን እወድቅለታለሁ። ለማንም እንዳትተነፍሺ።" እንደ ሕፃን ይስቅ ነበር። ይህን ከእኔ በቀር የሰማ አልነበረም። አንቺ የአራት ወር ፅንስ ነበርሽ።

አሁን የምጽፈውን ለንስሐ አባቴም በግማሹ ነው የነገርኳቸው። ያኔ ገበያ ስወጣ "የጉሉማ እህት መጣች" ይሉ ነበር። እህል ሰፋሪዋ ምራቂ ትጨምርልኛለች፤ ሰልፍ ላይ ቅድሚያ ይሰጡኛል። "የጃለታ ሚስት" ብሎ የጠራኝ አንድ ሰው አላስታውስም። መጠሪያዬን ወደድኩት፣ ልጄ። ጉሉማ ከወደቀ እኔ ማን እባላለሁ ብዬ አሰብኩ። ይህን በገዛ እጄ ጽፌ ሳየው ራሴ ይቀፈኛል።

ዓርብ ዕለት አባትሽ ወፍጮ ቤት ሄዶ ሳለ ኤሱማሽ መጣ። ሥጋ ጠበስኩለት። በላ፤ አወራን። ሲወጣ ደጃፉ ላይ ዞር ብሎ "ደግ አደረግሽ እህቴ፤ አንቺ ባትኖሪ ጉድ ሆኜ ነበር" አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

እሑድ ሜዳው ጢም ብሏል። አማቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ተቀምጠዋል። "የጎባው ጃለታ!" ተብሎ ሲጠራ ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ፤ አባትሽ በስሙ ሲጨበጨብለት ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። እኔ ከገመዱ ሥር ነበርኩ። ሲያያዙ ዓይኔን ከወንድሜ ጣቶች ላይ አልነቀልኩም። አንጓውን ይዘውታል። ጨመቅ ግን አላደረጉትም። አባትሽ ምልክቱን ሲጠብቅ ኤሱማሽ በድንገት አንስቶ በአናቱ ጣለው።

ሕዝቡ የትርኢቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። አማቴ ብቻ "ካኢ ያ ኢልማኮ፣ ተነስ እንጂ ልጄ፣ ተነስ" ይላሉ። ኤሱማሽ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ከዞረ በኋላ ነው ጎንበስ ብሎ ያየው።

የቀረውን ታውቂያለሽ። አንገቱ ስለማይዞር የጠራውን ሰው ለማየት መላ አካሉን ሲያዞር፣ አንቺ ጨዋታ መስሎሽ ከኋላው እየተደበቅሽ ትስቂ ነበር። እሱም አብሮሽ ይስቃል። መጽሐፍ ጎንበስ ብሎ ማንበብ ስላቃተው፣ እኔ በዚያ ዕድሜዬ ፊደል ቆጥሬ ማታ ማታ አነብለት ጀመር። እንዲህ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስለዚያች ዓርብ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀኝም። አንዳንዴ የማነበውን አቁሜ ቀና ስል፣ ዓይኑ ብቻ ወደ እኔ ዞሮ አገኘዋለሁ። "ቀጥዪ" ይለኛል።

አንቺ ደግሞ "አደጋ ነበር፤ ጉሉማም አምርሮ አለቀሰ" ብለሽ ጻፍሽ። አላለቀሰም፤ ያን ቀን እራቱን በልቷል። ከእሱ ሰምተሽ ስለሆነ አልፈርድብሽም። ከዚያ በታች ግን "እናቴ በሁለቱ መካከል የፍቅር ድልድይ ነበረች" የሚል አለ። እሱን ሳነብ ወደ ጓሮ ወጥቼ አስመለሰኝ።

ኤሱማሽን ጥዪው አልልሽም፤ እሱን መጸየፍ ለእኔም ቀላሉ ነገር ነው። እሑድ ግን እሄዳለሁ። ወንዶሰን ስሜን ሲጠራ እወጣለሁ። የአንቺን ወረቀት አላነብም፤ ይህን ለአንቺ የጻፍኩትን ለአዳራሹ እናገራለሁ። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው ያስቀደምኩልሽ።

ቅዳሜ የአዳማው አውቶቡስ ሲገባ መናኸሪያው በር ላይ እቆማለሁ። ካልወረድሽ አልቀየምሽም፤ ብቻዬን እሄዳለሁ። ከወረድሽ ግን ከመሳምሽ በፊት "ለኤሱማ የነገረው ማን ነው?" ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሚጠይቀኝ ሰው አጥቻለሁ።

የአባትሽ አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ። ልብሽን ያስፋልሽ፤ ለእኔም ከዚያ ላይ ጥቂት ይተርፈኝ ይሆናል። ብርዱ አይቻልምና ሹራብሽን እንዳትረሺ።

የወለደችሽ እናትሽ
ከሮቤ