ቨርጂኒያ ቢች ደርሶ መልስ

ሰኞ፣ ጁላይ 12፣ 2021

"ቨርጂኒያ ቢች እንዴት ናት?" ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ እዚሁ እኛ ሰፈር፣ ሬይኖልድስበርግ ማለት ናት። ያው ቤት፣ ያው ሳር፣ ያው ፓርኪንግ ሎት። ባሕሩና ሆቴሎቹ በወዲያ በኩል አሉ ይባላል። እኛ እንደሆነ አሥር ሰዓት ሙሉ ነድተን ሄደን፣ ዊኬንዱን የባለቤቴ አክስት እትዬ አልማዝ ሳሎን ውስጥ ተጎልተን ጨረስነው። "ቢች ደርሰን እንምጣ" ስል "ምሳ ሳትበሉማ!" ይላሉ። ከምሳ በኋላ ደግሞ እኛን ሊጠይቅ ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል። ልጄ "ማሚ፣ ዌር ኢዝ ዘ ቢች?" እንዳለች ተመለስን።

ዛሬ የልጄን የዋና ልብስ ከነዋጋ ታጉ ከሻንጣ ሳወጣ እትዬ አልማዝ ኮል አደረጉ። ማኩረፋቸው ከድምፃቸው ያስታውቃል።

"እናንተማ ለባሕራችሁ ነው የመጣችሁት! እኔን መች ቁጭ ብላችሁ አጫወታችሁኝ?"