ቀፎ የሌላቸው አራት ቀረሮዎች

ቀን፦ ጥር 17 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለወረዳችን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
መቱ

አመልካች፦ ምንዳዬ ዲበኩሉ፣ የ«አረንጓዴ ሶር» በጎ ፈቃደኞች ክበብ ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ በመጪው ሰኞ እንዲቆረጡ የተወሰነባቸው አራት ዛፎች መጋዝ እንዳይነካቸውና የምስክርነት ቃሌ እንዲሰማ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች በመቱ ከተማ በልብስ ስፌት የምተዳደር ስሆን፣ ክበባችን በሶር ፏፏቴ ዙሪያ ችግኝ ሲተክልና ቆሻሻ ሲያነሳ በሰብሳቢነት አገልግያለሁ። ጽሕፈት ቤትዎም ሲያበረታታን ቆይቷል። ዛሬ የምጽፈው ግን የሚያኮራ ነገር አይደለም።

2. ባለፈው ኅዳር እንግዶች ፏፏቴውን ሊጎበኙ ነው ሲባል የጽዳት ዘመቻ ጠራሁ። በመንገዱ ዳር ባሉ አራት የቀረሮ ዛፎች ላይ ጢስ ያጠቆራቸው፣ ገመዳቸው የተንዠረገገ አሮጌ የግንድ ቀፎዎች ተሰቅለው ነበር። ንብ አልነበረባቸውም። ለፎቶ አያምሩም ብዬ አስወረድኳቸውና ከቆሻሻው ጋር አቃጠልናቸው። እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ። ከአባላቱ አንዷ ሳሊሐ፣ «ባለቤት ይኖራቸው ይሆናል፣ እንጠይቅ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን «ባዶ ግንድ ደግሞ ምን ባለቤት አለው!» ብዬ አሳቅሁባት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

3. ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በአካባቢያችን ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት አለው፤ መጥረቢያ የያዘ ሰው ቀና ብሎ አይቶ ያልፋል። ባዶ ቀፎም ቢሆን አበባ እስኪፈነዳና ንብ እስኪገባበት የሚጠብቅ ነው። መቱ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና አላወቅሁም ብል እዋሻለሁ። አውቅ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን የእንግዶቹ ካሜራ በለጠብኝ። ቀፎዎቹ የኦቦ ሁንዴሳ ነበሩ። ዛፎቹን ከአባታቸው ተረክበው እስከ ሽምግልናቸው የጠበቁ፣ ኑሯቸውም በማር ላይ የቆመ ሰው ናቸው። በዚያ ሰሞን ልጃቸውን ሊጠይቁ ሁሩሙ ሄደው ነበር።

4. በታኅሣሥ ጣውላ የሚሰነጥቁ ሰዎች ዛፎቹን ለመቁረጥ ፈቃድ ስለጠየቁ አጣሪ ኮሚቴ ወደ ቦታው ሄደ። ክበቡን ወክዬ እኔም ነበርኩ። ኦቦ ሁንዴሳ ተጠርተው፣ ቀፎ ከነበረዎት የት ደረሰ ተባሉ። ያቃጠልኩት እኔ መሆኔን ከመንደሩ ሰው ሰምተው ነበር። ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ነፋስ ጣላቸው» አሉ። ለምን መልሰው አልሰቀሉም ሲባሉ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀፎ እንደገና ይሠራል። አንቺ ብትታሰሪ ምን ይበጀኛል?» አሉኝ። ያኔም አመሰግናለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

5. ኮሚቴው የሰማውን ቃል ይዞ ዛፎቹ የተተዉ ናቸው ሲል ወሰነ። ኮሚቴውን አልወቅስም፤ እውነቱን ደብቄ የያዝኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ሁንዴሳ የጠፋው ቀፎ ብቻ መስሏቸው ነበር፤ እኔን ሲያድኑ ዛፎቻቸውን አጡ። አሁን ቃላቸውን ልለውጥ ቢሉ ውሸታም ይባላሉ፤ በዚህ ዕድሜያቸው፣ በእኔ የተነሳ! «ዛፍ አትቁረጡ» የሚል ቲሸርት ለብሼ ከተማውን ስዞር የከረምኩት ደግሞ እኔው ነኝ። አፍራለሁ፤ እንቅልፍም የለኝም።

ስለዚህ፦

ሀ. ሰኞ ሳይደርስ ቆረጣው ታግዶ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ፤

ለ. ዛፎቹ የኦቦ ሁንዴሳ መሆናቸው በእኔ ምስክርነት ተረጋግጦ፣ አበባው ሳያልፍ እኔ በማሠራቸው ቀፎዎች ዛፎቻቸውን እንዲይዙ፤

ሐ. የሚመጣው ቅጣት የታዘዙኝን የክበቡን አባላት ሳይነካ በእኔ ላይ እንዲሆን፣

በትሕትና አመለክታለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ቃሌን ሳልሰጥ ኦቦ ሁንዴሳን አስቀድመው እንዳይጠይቋቸው። ከጠየቋቸው፣ ዛሬም ነፋስ ነው ይላሉ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ምንዳዬ ዲበኩሉ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለ«አረንጓዴ ሶር» ክበብ አባላት