የቁጥር ሦስት መቀናጆ

መስከረም 8 ቀን 2006

ዝናቡ ዛሬ ፋታ ሰጠ። ማርያም ደርሼ መጣሁ። በላይኛው መንገድ፣ እንደ ወትሮው። ይረዝማል... ይርዘም። በያህያ ሱቅ በር ከማልፍ እግሬ ቢያልቅ ይሻለኛል።

ልጄ ሠርክአዲስ ዛሬም ጌም ቤቷን ከፈተች። እናቷ አቻምየለሽ በሕይወት ሳለች እህል የምናስቀምጥበት የፊተኛው ክፍል ነው። አሁን ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት አግዳሚ፣ ሁለት ጥቁር ሳጥን። ሳጥኖቹን ቁጥር ሁለት ይሏቸዋል። ሙሉ ስማቸው ፕሌይስቴሽን ነው፣ ምላሴ ግን አይዞርበትም። አምስት ዓመት ልጄ በእነዚህ ሁለት ሳጥኖች አደረች። እኔንም አሳደረች። ይህን አፍ አውጥቼ ነግሬያት አላውቅም።

መስከረም 12

ሚካኤል። ቤቱ ይዘጋ አልኩ።

"አባባ፣ ጨዋታ እኮ ነው። ሥራ አይደለም" አለች።

"ለሚጫወተው ጨዋታ ነው። ለአንቺ ሥራ ነው" አልኳት።

ዘጋች። ተማሪው ሁሉ ወደ ሙንዲር ነጎደ። ሙንዲር የያህያ ልጅ ነው፣ ከአባቱ ጨርቅ መሸጫ ጀርባ ጌም ቤት ከፍቷል። ለነገሩ በዓል ባይሆንም መሄዳቸው አልቀረም። ቁጥር ሦስት አምጥቷል አሉ።

መስከረም 16

ሠርክአዲስ ሄዳ አይታ መጣች። ፊቷ ጠቆረ። ምን አየሽ ብላት፣ የኳስ ተጫዋቹ ላቡ ሁሉ ይታያል አለችኝ። ላብ ለማየት ነው የሚከፍሉት? አርባ ዓመት ሳርስ በነጻ ያዩ ነበር።

አልሳቀችም። ሁልጊዜ ትስቅልኝ ነበር።

መስከረም 22

ሠርክአዲስ ጆይስቲክ ልታሠራ ቡሬ ሄደች። ብቻዬን ነበርኩ።

አንደኛዋ ቁጥር ሁለት ሰሞኑን ሲዲ አላነብ እያለች ታስቸግራለች። እርጥበት ነው አልኩ በሆዴ። ክረምቱን ሙሉ ግድግዳው ሲያለቅስ ከርሞ እሷ እንዴት ደረቅ ትሆናለች? እህል ሲርስ፣ በርበሬ ሲሻግት ምን እናደርጋለን... ፀሐይ። አወጣኋት። ክዳኗን ከፈት አድርጌ ሰሌኑ ላይ ከበርበሬው አጠገብ አሰጣኋት። ደግሞ ፊትና ጀርባዋ እኩል ይሙቀው ብዬ ሁለት ጊዜ ገለበጥኳት። ዶሮ እንዳይወጣባት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

ከሰዓት ሳነሳት ጎኗ ጎብጧል። ጠረኗም ደስ አይልም። መብራቱ ላይ ሰካኋት። ዝም። ነቅዬ መለስኩና ሰካሁ። ዝም።

ጠርጌ ቦታዋ አስቀመጥኳት። ጉብጥ ያለውን ጎን ወደ ግድግዳ።

መስከረም 23

"አርጅታ ነው" አለች ልጄ። "ይሆናል" አልኩ። አዬ እኔ ባዬ።

ጥቅምት 5

አንዲት ቁጥር ሁለት ብቻ ቀረች። ዛሬ ሦስት ሰው መጣ። አንዱ ከዝናብ ሊጠለል።

ሰብሊ ደወለች። ከሠርክአዲስ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው፣ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ካሸር ናት። ለሠርክአዲስም ቦታ አግኝታላታለች። ለኅዳር ሚካኤል ነይ ብላታለች።

ልጄ አየችኝ። ሂጂ አልኳት። እኔ ምን እሆናለሁ አልኳት።

ምን እሆናለሁ?

ጥቅምት 14

ቀይ ሻንጣ ገዛች። ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ከመደቤ ትክክል ነው፣ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ እሱ ነው የሚታየኝ።

ሁለቱም ደህና ቢሆኑ ኖሮ ትሄድ ነበር? ባላሰጣ ኖሮ? ልነግራት ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዱን ውኃ ስጪኝ አልኩ። ሁለተኛውን ረሳሁት።

ጥቅምት 20

ከመናኸሪያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሙንዲር ነበር። ልውረድ ብዬ አሰብኩ፣ ጉልበቴ እምቢ አለ። ልጁ ጨዋ ነው። ተነሥቶ የዳሩን ቦታ ለቀቀልኝ። "ጋሼ ባዬ፣ እንዴት ዋሉ?" አለኝ። እንግዲህ ከተቀመጥኩ አይቀር ብዬ ጠየቅኩት፣ አንድ ቁጥር ስንት ዓመት ያገለግላል?

ስድስት ሰባት ዓመት አለኝ። ከዚያ ፋብሪካው ሌላ ቁጥር ያወጣል።

የበሬ ዕድሜ ነው ማለት ነው። በሬም ከተገራ እሱኑ ያህል ነው የሚያርሰው።

"ያንተዋ ስንተኛ ዓመቷ ነው?" አልኩት። ሣቀ። ውጭ አገር ከወጣች ሰባት ዓመቷ ነው። አጎቱ ዱባይ ከሰው ገዝቶ ነው የላከለት። ቁጥር አራትም በዚህ በኅዳር ትወጣለች አለኝ። እኛ አዲስ ያልናት እዚያ ጥርሷ አልቋል እኮ!

ልውረድ ስል ሌላም ነገረኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው። አባቱ ጣቃውን ስለሚደረድርበት ስድስት ሰው ከገባ አየር የለም። ጁምዓ ይዘጋል፣ ገበያ ቀን ደግሞ ሱቅ ያግዛል። ጠብም አለ። "እንደ እህት ሠርክአዲስ ማስከበር አልቻልኩም" አለኝ። የሷን ቤትማ አውቃለሁ፣ ዓይኗን ስታፈጥ ጎረምሳው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ነው ተራውን የሚጠብቀው።

ጥቅምት 22

እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ስለዚህ ጠዋት ቶሎ ጻፍኩ።

ማረሻ ሲያልቅ ማረሻው ይለወጣል። ሞፈሩ ይኖራል፣ ቀንበሩ ይኖራል። ሞፈርም ቢሰበር ቀንበሩን ማን ይጥላል? እነዚህ ግን በሰባት ዓመት ሙሉውን ይጥሉታል። ይህን የሚሠራ ሰው አርሶ አያውቅም።

ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ? ቀንበሩ ሳጥኑ ባይሆንስ... ቤቱ ቢሆንስ? አግዳሚው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የልጄ ዓይን። ሳጥኑ ማረሻው ነው። እሱ ነው የሚያልቀው።

አገሬ ገበዝ ማርያም ሳለሁ፣ በሬዬ ቦራ ብቻውን የቀረ ጊዜ ምን አደረግኩ? አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር ተቀናጀሁ። የሱን በሬና የኔን በሬ ጠምደን አንድ ቀን ለሱ፣ አንድ ቀን ለኔ። ማንም ማሳው ጦም አላደረም።

ሙንዲር አንድ በሬ አለው። ልጄም አንድ በሬ አላት።

ግን ያህያ... ያህያ ደጃፍ እኔ?

ጥቅምት 29

ሄድኩ።

ባለ ወልድ ስለሆነ ሥራ የለኝም፣ ዛሬ ይሁን አልኩ። ዓርብ መሆኑን ልብ አላልኩም። ሱቁ ዝግ። ያህያ መስጊድ ነው። ተመልሼ ልሂድ? ከተመለስኩ ዳግመኛ እንደማልመጣ አውቃለሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አገር ሁሉ እያለፈ አየኝ። ጋሼ ባዬ ምን ሆኑ፣ አመመዎት ወይ የማይለኝ የለም። አረፍ ብዬ ነው እላለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ አረፍኩ።

ያህያ ከልጁ ጋር መጣ። ቆሞ ቁልቁል አየኝ።

"ዘጠኝ ዓመት በላይኛው መንገድ ስትዞር እግርህን አላመመህም?" አለኝ።

"አሞኛል" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

በርጩማ አወጣልኝ። የመጣሁበትን ነገርኩት፤ የልጄን ሻንጣም፣ ያንድ በሬውንም ነገር። ሳልጨርስ ገባው። አባቱ ሊበን አራሽ ነበር። መቀናጆ ነው የምትለኝ አለ። አዎ አልኩ። ሳጥኑ የሙንዲር፣ ቤቱ የሠርክአዲስ፣ ገቢው በየተራ ቀን። በእኛ በዓል ሙንዲር ይክፈት፣ በእናንተ ጁምዓ እሷ ትክፈት። በቤትህ በበዓል ቀን ሥራ ሊሠራ ነው ወይ ብሎ ሊያሾፍብኝ ሞከረ። የሚሠራው ሙንዲር ነው፣ ሚካኤል እሱን አይጠይቀውም አልኩት። ሙንዲር ከጀርባ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

እዚህ ላይ ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። አፌ አላርፍ አለ።

"ቦራን ግን ለእርሻ ነው ብለህ ገዝተህ አሳረድከው" አልኩት።

ልጁን ውኃ አምጣ ብሎ ላከው። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ "ለአራጅ ነው የሸጥኩት። አልዋሽህም። አቻምየለሽ ናት መጥታ የለመነችኝ። በሬው አርጅቷል፣ ለእርሻ ነው ካላልከው አይሸጥልህም፣ ዘርም አንገዛም አለችኝ። እንዳትነግረው አለች። አልነገርኩህም" አለኝ።

"እሷ ከሞተች በኋላስ?"

"እሷ ከሞተች በኋላማ እንዴት ብዬ ልንገርህ?"

ለቀብሯ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብዬ አላየሁትም።

ውኃው መጣ። ጠጣሁ። በታችኛው መንገድ ወደ ቤቴ መጣሁ። ለካ ቅርብ ናት።

ኅዳር 1

ሠርክአዲስ ተቆጣች። ሳትጠይቀኝ እኔን አቀናጅተህ መጣህ? እኔ በሬ ነኝ ወይ? ሻንጣው እንደተሰቀለ ነው።

እውነቷን ነው። አልጠየቅኳትም። እውነትሽን ነው አልኳት ወይ? አላልኩም።

ኅዳር 4

እንደተኮራረፍን ነን። ምሳ አቅርባ ትወጣለች። ወጡ ግን ጨው አልጎደለውም... ያ ደህና ምልክት ነው።

ኅዳር 6

ብቻዋን ሙንዲር ዘንድ ሄደች። ሁለት ሰዓት ቆይታ ተመለሰች። ምን ተባባላችሁ አላልኩም። እሷው ነገረችኝ። ሳጥኑ ከኛ ቤት አይወጣም። የሚጣላን የምታስወጣው እሷ ናት፣ የሙንዲር ዘመድም ቢሆን። ሲዲ የምትመርጠው እሷ ናት። ቢበላሽ እኩል ያሠራሉ። ወረቀት ላይ ጽፈው ፈርመዋል። እኔ ይህን ሁሉ አላሰብኩትም ነበር።

ትቀሪያለሽ ወይ ልላት ፈለግኩ። "መብራት ጠፋ" አልኩ። ጠፍቶም ነበር።

ኅዳር 9

ቁጥር ሦስት መጣች። ቤቱ ሞላ። ልጄ ስትጮህ ድምፅዋ እስከ ጓሮ ተሰማኝ። እንዲያ ስትጮህ ደስ ትላለች።

ላቡንም አየሁት። እውነትም ይታያል።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ዛሬ ነበር የቀጠሮው ቀን። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ሚስማሩ ባዶ። ሻንጣው የለም። ጫማ ሳላደርግ ወጣሁ።

የፊተኛው ክፍል ውስጥ ናት። ሻንጣው መሬት ላይ ተከፍቷል። ትርፍ ጆይስቲክና ገመድ እየጠቀለለች ትከትበታለች። አቧራ እንዳይገባበት ነው አለች። ሰብሊንስ አልኩ። ትናንት ደውዬላታለሁ አለች፣ ቀና ሳትል።

ከዚያ ነጠላዋን ለበሰች። ቁልፉን ለሙንዲር ሰጠችው። ተያይዘን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ያህያ በሩ ላይ ቆሞ "ዛሬ የኛ ተራ ነው፣ ጸልዩልን" አለ።

ኅዳር 21

ማርያም። ያህያ ከሰዓት መጣ። አርጅተን በመጨረሻ የያዝነው ሥራ ይኸው ነው፣ በአሮጌዋ ቁጥር ሁለት ጓዳ ውስጥ ኳስ መጫወት። እኔ በራሴ ጎል ላይ አገባሁ። እሱ ደግሞ የትኛው የሱ ቡድን እንደሆነ ሳያውቅ ሦስት ለባዶ አሸነፈኝ።

ሙንዲር ከስልኩ አነበበልን። ቁጥር አራት እዚያ ወጥታለች፣ ሰው በብርድ ተሰልፎ ገዛት። ወደፊት ደግሞ ሳጥኑም ሲዲውም ይቀራል፣ ጨዋታው በኢንተርኔት ነው የሚመጣው የሚሉ አሉ አለ። ያህያ ሊያምን ዳዳው። እኔ ግን አልኩት፣ መብራቱ በቀን ሦስት ጊዜ እየሄደ ጨዋታው በምን በኩል ነው የሚመጣው? ይምጣ እንኳ። አብሮ የሚቀመጥበት አግዳሚ አያጣም።

አሁን ለቁጥር አራት አትሩጡ አልኳቸው። እዚያ ሰው ወደ አራት ሲዞር ሦስት ይረክሳል። ያኔ ሠርክአዲስም የራሷን ትገዛለች፣ ሁለት ጥማድ ይሆናል። ልጄ ሰማችኝና "አባባ ነጋዴ ሆነ" አለች። ሣቀችልኝ።

ታኅሣሥ 6

ቁጥር ሁለት ተሸጠች።

ገዢው ወንዳወቅ የሚባል የገበዝ ማርያም ሰው ነው፣ የወንድሜ አማች። እዚያ ጌም ቤት ሊከፍት ነው፣ የመጀመሪያው። ልጄ እኔ ካልፈቀድኩ አልሸጥም ብላ ነበር፣ አባቴ ከአሮጌ ነገር አይለይም ብላ። ሽጪ አልኳት። እኔው ነኝ በጋቢ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ያስገባኋት። እኔ የተወለድኩበት አገር ነው የምትሄደው፣ እዚያ አዲስ ናት።

ያህያ ገመድ አቀበለኝ። ሳስር ወንዳወቅን መከርኩት። ከአይጥ ጠብቅ። መብራት ሲመለስ ቶሎ አትሰካ። ምሽት ላይ ሸፍናት። እጄ ቋጠሮው ላይ ቆመ። ልጄ ከኋላዬ እንዳለች አውቄያለሁ። ቢሆንም አልኩት፣

"እርጥበት ገባባት ብለህ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጣት። እኔ አንዷን ያጠፋኋት እንዲያ ነው።"

ያህያ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

ወንዳወቅ ካርቶኑን ተሸክሞ ከሄደ በኋላ ሠርክአዲስ አጠገቤ ተቀመጠች። ትከሻዬ ላይ የተጣበቀ ክር ነቀለች።

"አውቄያለሁ እኮ አባባ" አለችኝ። "ያኔውኑ ክዳኗን ስከፍት ውስጧ የበርበሬ ፍሬ ነበር።"

ይህን ሁሉ ጊዜ አውቃ ዝም!

ቁርጥ እናቷን ናት።