ተኩላው ራሱ የሚዘጋው በር

ሰኞ

አቶ ስንታየሁ ምዕራፌን መለሱት። በስልክ ነው የነገሩኝ፣ ለዚያውም ቁርሴን ሳልጨርስ። እሳቸው አዲስ አበባ ሆነው ስለ ሰውና ስለ አራዊት የተጻፈ አንድ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ በአማርኛ ለማሳተም የሚደክሙ አርታኢ ናቸው። ሌሎቹን ምዕራፎች በሙሉ አንድ የታወቀ ተርጓሚ ሠርቷቸዋል። የእኔ ድርሻ አንዷ ናት፦ በመካከለኛው ዘመን የፈረንሳይ ገበሬዎችና አዳኞች ተኩላን እንዴት ይይዙት እንደነበር።

ጥፋቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የአደኑን ቃላት እንዳሉ በእኛ ፊደል ጽፌ አልፌያለሁ። «ኦስፒዬ ብለሽ ስትጽፊ ማን ይገባዋል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም አልገባኝም ነበር። ሁለተኛው ግን ያሳፍራል። ስለ አንድ ክብ ወጥመድ የሚናገር አንቀጽ አለ። ተኩላው ራሱ በሩን ይዘጋዋል ይላል። ተኩላ ደግሞ በር ሲዘጋ የት ታየ ብዬ፣ ደራሲው ተሳስቷል ብዬ፣ ከራሴ አንድ አዳኝ ፈጥሬ ከበሩ ኋላ ደበቅሁ። በእኔ አማርኛ በሩን የሚዘጋው እሱ ነው። አቶ ስንታየሁ ከፈረንሳይኛው ጋር ቢያስተያዩት አዳኙ የለም።

እስከ ዓርብ ካላስተካከልኩት ምዕራፉ ለዚያኛው ተርጓሚ ይሰጣል፤ ስሜም ከመጽሐፉ ይወጣል። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው፣ እንዳዘነ ሰው ነው የነገሩኝ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ፈረንሳይኛ ተምሬ፣ ሶዶ መጥቼ እንግሊዝኛ ሳስተምር ዘጠኝ ዓመቴ። ፈረንሳይኛዬን የጠየቀኝ ሰው ሲገኝ በደስታ ብዛት አንድ ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ጨርሼ ላክሁት።

የቀረኝ፦
ተኩላ የሚወድቅበት የተሸፈነ ጉድጓድ (ቀላል)።
ጥንብ መሬት ላይ እየጎተቱ ተኩላውን በጥንቡ ሽታ የሚያመጡበት ዘዴ።
መንደሩ በሙሉ እየጮኸ ከጫካ የሚያስወጣበት።
እግር የሚያነሳው ገመድ፣ ያ ኦስፒዬ የተባለው።
ያ የተረገመ በር።

ማክሰኞ

ትምህርት ቤት የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩ። ጉድጓዱን «የተኩላ ጉድጓድ» አልኩት፤ ማንም አይከሰኝም። ጥንቡን «ጥንብ ጉተታ»። ስናገረው አፍንጫዬን ያዝ ያዝ ያሰኘኛል፤ ጥሩ ምልክት ነው።

የጩኸቱን ያገኘልኝ ባሌ ነው። ታምራት ለምሳ ሲመጣ አነበብኩለት። እጁን ሳይታጠብ ቆሞ አዳመጠኝና ልጅ ሳለ በአባቱ አገር በጉኑኖ ጅብ ጥጃ የጎተተ ቀን እናቱ እሪ ስትል ከየቤቱ ዱላና ጣሳ ይዞ ያልወጣ ሰው እንዳልነበረ ነገረኝ። ማንም ማንንም አልጠራም፣ ጩኸቱ ራሱ ነው የጠራው አለ። የእኔ ፈረንሳዮችም ያደረጉት ይህንኑ ነው! «የእሪታ አደን» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ሆነ።

ከምሳ በኋላ ግን በሩ ላይ ተቸክዬ ቀረሁ። ሁለት አጥር አለ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ፣ ሁለቱም ክብ። መሐል ላይ ጠቦት ታስሯል። ተኩላው በውጭኛው አጥር በር ይገባና በሁለቱ አጥር መካከል ይዞራል። እሺ። ከዚያስ? የድስት ክዳንና የሻይ ሰሃን ወረቀት ላይ አስቀምጬ ዙሪያቸውን በእርሳስ ሳልኩ። አምስት ጊዜ ሳልኩ፤ አምስቱንም ጊዜ ተኩላዬ እንደገባ ተመልሶ ወጣ።

ታምራት ማታ ሥዕሉን ገልብጦ ገላብጦ አየና ወጥመድ በወረቀት አይገባም አለ። አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ በረት ሲሠሩና ፍልፈል ሲያጠምዱ የኖሩ ናቸው። ነገ እሳቸው ጋ እንድሄድ፣ እሱም ሐሙስ ከቢሮ ፈቃድ ወስዶ እንደሚመጣ ነገረኝ። ሦስት ቀን በቀረው ሥራ አማት ጥየቃ! ግን ሌላ ምን አለኝ?

ረቡዕ፣ ጉኑኖ

በጠዋቱ ሚኒባስ መጣሁ። አማቴን አባባ አንጁሎን እንሰት መሐል ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው። ከእኔ ጋር በአማርኛ ነው የሚያወሩት፤ ወላይትኛዬ ከሰላምታና ከምግብ ስም ብዙም አያልፍም። አንቺ ማለትን ከነጭራሹ ትተውታል፣ ለእሳቸው እኔም አንተ ነኝ። ደስ ይለኛል።

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ተኩላ ምን እንደሆነ ነው። ውሻ የሚመስል፣ በመንጋ የሚሄድ፣ በግ የሚበላ አልኩ። «ጅብ ነው በለው» አሉ። ጅብ አይደለም አባባ፣ ፈረንሳይ አገር ጅብ የለም አልኩ። ጅብ የሌለበት አገር ሰው ስለ ወጥመድ መጽሐፍ መጻፉ አልተዋጠላቸውም።

ኦስፒዬን ግን ገና ገልጬ ሳልጨርስ እጄን ይዘው ወደ እንሰቱ ወሰዱኝ። አንድ ቀጭን ዘንግ መሬት ላይ ተተክሎ እንደ ቀስት ጎብጧል፤ ከጫፉ የእንሰት ቃጫ ገመድ ወርዶ ፍልፈሉ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል፣ ጫፉ ማነቆ ነው። በስንጥር ነካ አደረጉት። ዘንጉ ተወርውሮ ቀና፣ ማነቆው ባዶ አየር ይዞ ፊቴ ላይ ተወዛወዘ። ደነገጥኩ፣ ከዚያ መሣቅ ጀመርኩ። ፈረንሳዮቹ ያደረጉት ዘንጉን ማወፈር ብቻ ነው! እዚያው ቆሜ ደብተሬ ላይ «እግር አንጠልጥል» ብዬ ጻፍኩ።

ምሳ የተቀቀለ የቦዬ ሥር በዳታ፣ በዚያ በሚያቃጥለው የቃሪያ ድልህ። ዳታው ዓይኔን አስለቅሶኝ ሳለ የክቡን አጥር ሥዕል አሳየኋቸው። አጥር ሊያድሱ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ክምር አድርገው ነበር። ተነሡና ሁለት ጎረቤት ጠርተው መትከል ጀመሩ፤ መጀመሪያ ትየው፣ ከዚያ ትተርጉመው ዓይነት ነገር በወላይትኛ ያሉ መሰለኝ፣ ጎረቤቶቹ ሣቁብኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረት የሚደርስ ድርብ አጥር ቆመ። መሐሉ ላይ የፍየል ግልገል። ተኩላችን የቤቱ ውሻ ቡቺ ናት።

ቡቺ ገባች። ግማሽ መንገድ ዞረች። ቆመች፣ ተመለሰች፣ ወጣች። ደግመን አስገባናት፤ ደግማ ወጣች። ልክ እንደ ወረቀቴ።

ይኼን ሁሉ ሰው አድክሜ!

ሐሙስ፣ ጉኑኖ

ጠዋት ታምራት እንደ ደረሰ ምዕራፉን ይዤ አጥሩ አጠገብ ተቀመጥኩና ለአባባ ከመጀመሪያው ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። ትናንት አሳጥሬ ነበር የነገርኳቸው። የአጥሮቹ መካከል ተኩላው ዞሮ መመለስ እስከማይችል ድረስ ይጥበብ ከሚለው ስደርስ አስቆሙኝ። ድገመው አሉኝ። ደገምኩት።

አባባ ፊታቸው ተቀየረ፣ ያፈሩ መሰለኝ። የትናንቱን አጥር የሠሩት በረት እንደሚሠሩት ነው፣ ሰፋ አድርገው።

«ከብት የማይዞርበት በረት ሠርቼ አላውቅም» አሉ። «መዞር ካልቻለ ይታመማል፣ ጎኑን ይፈገፍጋል። እጄ እንደዛ ነው የለመደው።»

ለተኩላም መዞሪያ ትተውለት ነበር! ደብተሬን አስቀምጬ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው።

የውስጠኛውን አጥር ነቅለን አሰፋነው፣ በመሐል የቀረው መንገድ የአንድ ሰው ትከሻ እስኪያክል ጠበበ። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ሲከፈት ጫፉ የውስጠኛውን አጥር ነክቶ አንዱን አቅጣጫ ይዘጋዋል። ሲገጥም ደግሞ በውጭ በኩል አንዲት እንጨት ራሷ ወድቃ ትይዘዋለች። ይህንንም ከምዕራፉ አንብቤ ነው ያሠራኋቸው፤ ለምን እንደሆነ ግን አሁንም አልገባኝም ነበር።

ቡቺ በዚያ ጠባብ ነገር አልገባም አለች። ሥጋ አሳየናት፣ ሥጋውን ከደጅ በላች። አባባ እኔን አዩኝ። ታምራትም አየኝ። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ገባሁ።

የተከፈተው በር በግራዬ ስለዘጋብኝ ወደ ቀኝ ሄድኩ። ግልገሏ እያመነዠከች ታየኛለች። ዞርኩ፣ ዞርኩ፣ ክቡን ጨረስኩና ከፊቴ አንድ ነገር ተደቀነ። በሩ ነው፣ ጀርባው። መንገዴን ዘግቶ ቆሟል። ማለፍ ስለፈለግሁ ብቻ በደረቴ ገፋሁት። እየተገፋ ሄዶ ከውጭኛው አጥር ጋር ገጠመ፣ እንጨቷ ቀጭ ብላ ወደቀች፣ መንገዱም ከፊቴ ተከፈተ።

እኔው ዘጋሁት። በገዛ ደረቴ!

የሆነ ነገር እየጮህኩ ሁለተኛ ዙር ሮጥኩ። በሩን ክፈቱልኝ ስል ታምራት ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብዬ ሰደብኩት፣ ባሰበት። ያወጡኝ አባባ ናቸው። ሲከፍቱልኝም ቀስ ብለው፣ አሁን ገባህ? አሉኝ።

ማንም በሩን አይዘጋም። ተኩላው ወደፊት መሄድ ይፈልጋል፣ በዚያ ምክንያት ይዘጋዋል። ደራሲው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የታየውን ነገር አጥርቶ ጽፎልኝ ሳለ እኔ ሶፋ ላይ ተቀምጬ አረምኩት። አንቀጹን እዚያው ጉቶ ላይ ሆኜ እንደገና ጻፍኩ። አዳኙን ሰረዝኩት። አንዲትም የምጠራጠርባት ቃል የለችም።

ዓርብ፣ ሶዶ

ሦስት ሰዓት ላይ ልኬያለሁ። ከዚያ ልብስ አጠብኩ፣ መስኮት ጠረግሁ፣ የተጠረገ መስኮት ደግሜ ጠረግሁ። ስልኩ ዝም። ስምንት ሰዓት ላይ ለራሴ፣ ቢቀርም ይቅር፣ ሥራው ልክ ነው አልኩ። ውሸቴን ነበር፤ እንዲቀር አልፈልግም። ስሜ እንዲታተም እፈልጋለሁ፣ በጣም።

አሥር ሰዓት ላይ አቶ ስንታየሁ ደወሉ። ስለ በሩ ያለውን አንቀጽ ከሌላ መጽሐፍ ወስጄው እንደሆነ ጠየቁኝ፤ በፈረንሳይኛው እንኳ እንዲህ ጥርት ብሎ አልታያቸውም ነበር።

«አይደለም» አልኳቸው። «ገብቼ እኔው ዘጋሁት።»

ከዚያ ሁሉንም ነገር አስነገሩኝ፣ ከግልገሏ ጀምሮ። ሲሥቁ የሰማኋቸው ዛሬ ነው። በመጨረሻ ስሜ በመጽሐፉ ላይ እንዴት እንዲጻፍ እንደምፈልግ ጠየቁኝ፣ ከነአያት ወይስ እስከ አባት። ከነአያት አልኳቸው፣ ሁለት ጊዜ። የአባባ አንጁሎ ስም ምስጋናው ላይ እንዲገባም ለመንኩ፤ እሺ አሉ።

ቅዳሜ

አባባ ደወሉ። ስማቸው እንደሚታተም ስነግራቸው አሃ ብለው አለፉት፤ ያስጨነቃቸው ሌላ ጉዳይ ነው። ከትናንት ወዲህ ጎረቤት ሁሉ አጥሩን ለማየት ይመላለሳል። ነገ ደግሞ ከቸርች መልስ ብዙ ሰው እመጣለሁ ብሏል። እሳቸው በቃል ያስረዳሉ፣ በሩን ማን እንደሚዘጋው ሲናገሩ ግን አንድም የሚያምናቸው የለም። ቡቺ አሁንም አልገባም ብላለች።

«ተኩላ የለንም» አሉኝ። «ነገ ና።»

እሄዳለሁ።