ዘንቢሉ የቀለለበት ወር

ውድ ዋግዲ፣

አሁንም አምስተኛው ፎቅ ላይ ነኝ። የእስክንድርያ ባሕርም ከበረንዳችን እንደ ድሮው ይታያል። ወንበርህ ላይ ሰው አላስቀምጥም፤ ልጃችንን ሪሃብን ግን መከልከል አልቻልኩም፣ አቀማመጧ ቁርጥ አንተን ነው።

ያንን ክረምት ታስታውሰዋለህ? ድካም ድካም ሲለኝ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቫይታሚን ቢ ዋጪ አለኝ። ሪሃብ ደግሞ አሳንሰር ወዳለው ቤቷ ካልወሰድኳችሁ ብላ ያዘችን። በመጨረሻ የአስቤዛውን ዘንቢል ከመንገድ እስከ በረንዳችን በገመድ መሳብ ያቃተኝ ቀን ቤቷ ልገባላት ቃል አስገባችኝ። ከዚህ ቤት መውጣት ለእኔ ሞት ነበር፤ አንተም ታውቀዋለህ።

የኬሚስትሪ አስተማሪነትህ መቼ ይለቅሃል፣ ሳይፈተን አይዋጥም አልክ። ፋርማሲስቷ ሱሄር በአንዱ ብልቃጥ ቫይታሚኑን፣ በሌላው ተራ ዱቄት የሞላችበትን እንክብል አድርጋ ሰጠችን። የቱ የቱ እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለአንዱ አንድ ወር፣ ለሌላውም አንድ ወር፤ መለኪያው ዘንቢሉ።

በመጀመሪያው ብልቃጥ ክንዴ ከዳኝ። ባለሱቁ ባዩሚ ሞልቶ የላከልኝ ዘንቢል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ገመዱን ከበረንዳው ብረት ጠምጥሜ ተቀምጬ አለቀስኩ። አንተ ብርቱካን ላጥክልኝ።

በሁለተኛው ግን እንደ ላባ ቀለለኝ። እየዘፈንኩ እስበው ጀመር። አንተም ጋዜጣ ልገዛ እያልክ ያንን አሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳህን ይዘህ ትወርድና እያለከለክህ ትመለሳለህ። ወጥ ቤት ገብተህ ዕቃውን የምትደረድረውም አንተ ሆንክ። «አንተም ዋጥ እንጂ፣ ሽማግሌው» እያልኩ እስቅብህ ነበር።

ሱሄር ስትነግረን ሁለተኛው ዱቄቱ ሆኖ አረፈው። ሪሃብ በሳቅ ሞተች፤ በዱቄት የምትበረታ እናት ምን አሳንሰር ያስፈልጋታል ብላ ተወችን። አንተ ብቻ አልሳቅክም። ሻይህን ስታማስል ቆየህ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ዘንቢሉ ከበደኝ። እውነተኛውን ቫይታሚን ገዝቼ ዋጥኩ፣ ለውጥ የለም። ባለፈው ሳምንት ከበረንዳ ሆኜ ባዩሚን ምን ድንጋይ ነው የምትጭንብኝ ብዬ ጮኽኩበት። ሥራውን ትቶ ደረጃውን ወጣ፣ ደጃፌ ላይም አቀርቅሮ ቆመ።

«እትዬ ኢንሳፍ፣ ያው የድሮው ነው። መምህር ናቸው ግማሹን አውጥተው በቦርሳቸው ይዘውት ይወጡ የነበሩት። እንዳልነግርዎት አስምለውኝ ነበር።»

በዚያ በሚያምህ ጉልበት፣ ያንን ሁሉ ደረጃ! ሳይፈተን አይዋጥም ያልከው አንተ፣ ፈተናውን አበላሸኸው። ስንት ዓመት እዚህ ቤት ያኖርከኝ አንተ ነህ እንጂ ዱቄቱ አልነበረም። ያን ቀን እንደ ቀብርህ ቀን አለቀስኩ።

ዛሬ ሪሃብ ዘንቢሉ እንዳቃተኝ ሰምታ በቃሌ ልትወስደኝ መጣች፤ ሻንጣዬንም ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደች። እኔ ባዩሚን ግማሹን ብቻ ጫን አልኩት። ስቤ አወጣሁት፣ ባዶ አድርጌም መልሼ ወደ ታች ለቀቅኩት።

«እማ፣ አልጨረስሽም እንዴ?» አለችኝ።

«የእኔን ጨርሻለሁ። ይሄኛው የአባትሽ ግማሽ ነው።»

ከወንበርህ ተነስታ አጠገቤ ቆመች፤ ገመዱን ግን አልነካችብኝም። ሁለተኛው ግማሽም ወጣ። ሻንጣውን ራሷ ወደ ቦታው መለሰችው።

ገና ከበረንዳህ ያልወረደችው፣
ኢንሳፍህ